ስለ ዞጲ እንጨት፦ ጥንካሬው ከየት መጣ፣ ለምን ሥራ ይውላል፣ ለምንስ እያነሰ ሄደ?

ጥቁር፣ ከባድና አንጸባራቂ የሆነ የእንጨት ዕቃ ሲያይ ብዙ ሰው «ኤቦኒ ነው» ብሎ ያልፋል። በዚህ ስም የሚሸጠው እንጨት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ከካሜሩንና ከጋቦን ጥቅጥቅ ደን፣ አንዳንዱ ከደቡብ ህንድና ከስሪ ላንካ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ደረቅ ቆላ የመጣ ነው፤ በጥቁር ቀለም ተነክሮ የሚሸጥ ተራ እንጨትም ጥቂት አይደለም። ይህ ማብራሪያ የሚያተኩረው በአማርኛ ዞጲ በምንለው ዛፍ ላይ ነው። ዞጲ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ እስከ ሞዛምቢክና እስከ ደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ክፍል በሚዘልቀው ቆላማ ምድር ይበቅላል። ክላርኔትና ኦቦ የተባሉትን የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚሠሩ የዓለም ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚመርጡት እንጨት እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በበቀለበት አገር ስሙ እንጂ ጠባዩ እምብዛም አይታወቅም።

ዞጲ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?

ዞጲ በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጊያ ሜላኖክሲሎን ይባላል። ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከግራር ጋር በአንድ ሰፊ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ እንደ ብዙዎቹ የቤተሰቡ አባላት በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ አፈሩን ያዳብራል። በስዋሂሊ ምፒንጎ ይሉታል፤ የእንጨት ነጋዴዎች አፍሪካን ብላክዉድ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ደግሞ ግሬናዲላ ይሉታል። ሁሉም የአንድ ዛፍ ስሞች መሆናቸውን ማወቅ ለገዢም ለሻጭም ይጠቅማል።

ስሙን ሰምቶ ግዙፍ ዛፍ የጠበቀ ሰው በቦታው ተገኝቶ ቢያየው ይገረም ይሆናል። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ሜትር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ጀምሮ ብዙ ግንድ ያወጣል፣ እሾህ አለው፣ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። ግንዱ ቀጥ ብሎ የሚወጣው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ጠማማ ወይም በረጃጅም ሸንተረር የተጎደጎደ፣ ብዙ ጊዜም መሐሉ በስብሶ ባዶ የሆነ ነው። ውፍረቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ጤነኛ ግንድ ማግኘት እንደ ዕድል ይቆጠራል። ዛፉ ለመጋዝ የሚበቃ መጠን ላይ የሚደርሰው በአማካይ ከ70 እስከ 100 ዓመት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚቆረጠውን ግንድ ያበቀለው የአያቶቻችን ዘመን ዝናብ ነው።

ታዲያ «እውነተኛው ኤቦኒ» የቱ ነው?

የዕፅዋት ሳይንስ ኤቦኒ የሚለው ዲዮስፒሮስ በሚባለው ወገን የሚመደቡትን ዛፎች ነው። የጊታርና የቫዮሊን አንገት ላይ ጣት የሚያርፍበት ጥቁር ጣውላ፣ የቫዮሊን ክር መወጠሪያዎች፣ የድሮ ፒያኖዎች ጥቁር ቁልፎች የተሠሩት በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ዞጲ ግን ሮዝዉድ ከሚባሉት ዛፎች ጋር የሚዛመድ፣ ከዲዮስፒሮስ ጋር የቅርብ ዝምድና የሌለው ዛፍ ነው። በቀለም ቢመሳሰሉም በጠባይ ይለያያሉ፤ በተለይ ሲደርቁ የሚያሳዩት ጠባይ የተለያየ ነው።

ይሁን እንጂ በታሪክ ከተሄደ «እውነተኛ» የሚለው ቅጽል ይገለበጣል። የግብፅ ፈርዖኖች ይመኩበት የነበረው፣ ኤቦኒ የሚለውን ስያሜም ለዓለም ያወረሰው ጥቁር እንጨት በአብዛኛው ዞጲ እንደነበረ የጥንት ዕቃዎችን ያጠኑ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት ምድር የላከችው የመርከብ ጓድ ይዟቸው ከተመለሱት ዕቃዎች መካከል ዕጣን፣ የዝሆን ጥርስና ይህ ጥቁር እንጨት እንደነበሩ በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ብዙ ተመራማሪዎች ፑንትን የሚያስቀምጡት በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዛሬ ሱዳን፣ ኤርትራና ሰሜን ኢትዮጵያ በሚባለው አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በተከፈተው የፈርዖን ቱታንካሙን መቃብር ውስጥም ከጥቁር እንጨትና ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ የቤት ዕቃዎች ተገኝተዋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 27፣ ወደ ጢሮስ ከሚጓጓዘው ሸቀጥ መካከል ዞጲ ከዝሆን ጥርስ ጋር ተጠቅሶ እናገኘዋለን። ከ3,000 ዓመት በላይ ሲነገድ የኖረ እንጨት ብዙ አይደለም።

ለምን ውኃ ውስጥ ይሰጥማል?

ለማንኛውም እንጨት መሠረቱ ይህ ነው፦ ከግንዱ አንድ ቁራጭ ወስደን በማጉያ መነጽር ብናየው በአንድ ላይ የታሰረ የመቃ ክምር ይመስላል። እያንዳንዱ መቃ ግድግዳ አለው፣ መሐሉ ደግሞ ክፍት ነው። ግድግዳው የተሠራበት ነገር በሁሉም ዛፍ ዘንድ ተቀራራቢ ሲሆን፣ ክብደቱም የውኃን አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ እንጨት የሚንሳፈፈው ግድግዳው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ በመሐሉ አየር ስላለ ነው። ዋንዛን የመሰለ ቀላል እንጨት ሰፊ ክፍተትና ቀጭን ግድግዳ አለው። በዞጲ ውስጥ ግን ግድግዳው እጅግ ወፍራም፣ ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ነው፤ የቀረው ጥቂት ክፍተትም ዛፉ ራሱ ባመነጨው ሙጫና ቅባት ይደፈናል። ለአየር የሚሆን ቦታ ስለማይቀር አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ ዞጲ በአማካይ 1,270 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ነውና እንጨቱ ቢደርቅም ይሰጥማል።

የጥንካሬው መለኪያም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የእንጨትን ጥንካሬ ለመለካት ባለሙያዎች 11.28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የብረት ኳስ እንጨቱ ውስጥ እስከ ግማሹ ለማስገባት የሚያስፈልገውን ኃይል ይለካሉ፤ መለኪያው ጃንካ ይባላል። ለወለልና ለበርሜል የሚመረጠው ነጭ ኦክ የተባለው እንጨት 6,000 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ሲጠይቅ፣ ዞጲ ከ16,000 ኒውተን በላይ ይጠይቃል። በዓለም ላይ ከሚነገዱ እንጨቶች በጥንካሬ ከፊተኞቹ ተርታ ይሰለፋል ማለት ነው።

ለአናጢውና ለቀራጺው የሚገጥመው ነገር ሁሉ ከዚህ ከወፍራሙ ግድግዳና ከተደፈነው ክፍተት ይመነጫል። ያለ ቀለም የሚያንጸባርቀው ከዚህ የተነሣ ነው፤ መሮ የሚያደነዝዘው፣ ኮላ የማይቀበለው፣ ለመድረቅ ዓመታት የሚፈጀውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የእንጨቱ በጎነትና አስቸጋሪነት ምንጫቸው አንድ በመሆኑ አንዱን ለይቶ መውሰድ አይቻልም።

ጥቁር የሆነውስ ለምንድን ነው?

የዞጲ ግንድ በሙሉ ጥቁር አይደለም። ከልጡ ቀጥሎ ያለው ቀጭን ሽፋን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም ነጭ ነው፤ ውኃና ምግብ የሚጓጓዝበት ሕያው ክፍል እርሱ ነው። ዛፉ እያደገ ሲሄድ የውስጠኛው ክፍል ሥራውን ያቆምና ዛፉ መከላከያ የሚሆኑ ኬሚካሎችን ያከማችበታል። የእንጨቱ ልብ ከጥቁር ሐምራዊ እስከ ፍጹም ጥቁር የሚደርስ ቀለም የሚይዘው በእነዚህ ኬሚካሎች ነው። ምስጥና ሻጋታ በቀላሉ የማይደፍሩትም ስለዚሁ ነው። ነጩና ጥቁሩ የሚገናኙበት መስመር በጣም የተለየ ስለሆነ ቀራጺዎች አንዳንዴ ሆን ብለው ለጌጥ ይተዉታል፤ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ግን ነጩን ሙሉ በሙሉ ያስወግዳሉ።

ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ምን ይደረጋል?

ብዙ እንጨት የሚባክነው በዚህ ምዕራፍ ነው። ውኃ ከዞጲ የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ሲሆን፣ በግንዱ ሁለት ጫፎች በኩል ግን በፍጥነት ይወጣል። ጫፉ ደርቆ ሲኮማተር መሐሉ ገና እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም፤ በዚህም ምክንያት ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ወደ ውስጥ እየገፋ ይሄዳል። ስለዚህ የተቆረጠው ግንድ ጫፎቹ ወዲያውኑ በሰም ይለበጣሉ፣ ከፀሐይና ከነፋስ ይጠለላል፣ ከዚያም በትንንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች ተሰንጥቆ በጥላ ሥር ለዓመታት ይቀመጣል። ክላርኔት ሠሪዎች ቁራጩን በግምት ያከቡትና መሐሉን ይበሱታል፤ እንደገና እንዲያርፍም ይተዉታል። በእንጨቱ ውስጥ የቀረው ውጥረት ከመጨረሻው ልክ በፊት እንዲለቅ ይፈለጋልና ነው።

ይህን ሁሉ ትዕግሥት የሚያካክሰው አንድ ትልቅ ጸባይ አለው። አንዴ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ዞጲ ከቦታው ንቅንቅ አይልም ለማለት ይቻላል። ከእርጥብ ወደ ፍጹም ደረቅ ሲለወጥ መጠኑ የሚቀንሰው ከ8 በመቶ ባነሰ ነው፤ ከዲዮስፒሮስ ወገን የሆነው የጋቦን ኤቦኒ ግን ከዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ ይኮማተራል። ቀዳዳዎቹ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ልክ መሆን ላለባቸው ዕቃዎች ይህ ልዩነት ከቀለምም ከክብደትም የበለጠ ዋጋ አለው።

በእጅና በማሽን ሲሠራ እንዴት ነው?

በመጋዝና በመላጊያ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የመሣሪያ መደንዘዝ ነው። ተራ ብረት ስለቱን ቶሎ ያጣል፤ ስለዚህ ጥርሱ ካርባይድ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ውህድ የተሠራ መጋዝ ይመረጣል፤ መሮና መላጊያም በሥራው መካከል ደጋግሞ መሳል ግድ ይሆናል። በመላጊያ ብዙ ለመቁረጥ ከመሞከር ይልቅ በቀጭኑ፣ ወይም በስለታም ብረት በመፋቅ መሥራት ይሻላል። እንጨቱ ከመታጠፍ ይልቅ መፈርከስን ስለሚመርጥ ጠርዙ በቀላሉ ይሸረፋል።

ዞጲ ያለውን ሁሉ የሚሰጠው በቶርኖ፣ ማለትም እንጨቱን እያሽከረከረ በስለት በሚቀርጽ ማሽን ላይ ነው። ክፍተቱ ደቃቅና አንድ ወጥ ስለሆነ በማሽን ሲዞር ስለት የነካው ቦታ ወዲያውኑ ልስልስ ሆኖ ይወጣል፤ ቀጫጭን ቀለበቶችና ስስ ጠርዞች ሳይሰበሩ ይቆማሉ። ለብረት በተሠራ ቶርኖ ላይ እንኳ በልኩ ይሠራል። ከአብዛኞቹ እንጨቶች የሚለይበት ነገር ደግሞ የብሎን ጥርስ መቀበሉ ነው፦ ቀዳዳ በስቶ በብረት ላይ እንደሚደረገው ጥርስ ሲወጣለት፣ ብሎን እየተፈታና እየታሰረ ለዓመታት ይይዛል። በለስላሳ እንጨት ላይ ይህን የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

መብሳት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመሰርሰሪያው ሙቀት በዚህ ጥቅጥቅ እንጨት ውስጥ ቶሎ ስለማይበተን በቀዳዳው ዙሪያ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላል። መሰርሰሪያውን በየጥቂቱ አውጥቶ ብናኙን ማራገፍና ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በብርጭቆ ወረቀት በፍጥነት ሲፈተግም ያው ሙቀት ላዩን ይሰነጣጥቀዋል። ብሎን ወይም ምስማር ያለ ቀዳዳ ለማስገባት መሞከር ዕቃውን ለሁለት መክፈል ነው።

ኮላ የማይይዘው እንጨቱ በቅባቱ ምክንያት ኮላውን ወደ ውስጥ ስለማያስገባው ነው። የተለመደው መፍትሔ የሚጣበቀውን ገጽ አዲስ ፍቆ በአሴቶን መጥረግ፣ አሴቶኑ ተኖ እንዳለቀም ቅባቱ ዳግመኛ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቶሎ ማጣበቅ ነው፤ ከነጩ የእንጨት ኮላ ይልቅ ኢፖክሲ የተባለው ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ የተሻለ ይይዛል። ቫርኒሽም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ዘይት ላይ የተመሠረተ ቫርኒሽ በዚህ ወገን እንጨቶች ላይ ሳይደርቅ ለቀናት ሊያጣብቅ ይችላል። ከሥር ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) ከተቀባ ቅባቱን ስለሚዘጋው ቫርኒሹ ይደርቃል። በእኔ ግምት ግን ዞጲን በቫርኒሽ መሸፈን አያስፈልግም፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ደረጃ በደረጃ ፈትጎ ጥቂት ሰም በጨርቅ ማሸት የራሱን ብርሃን ያወጣል።

አንድ ነገር በጭራሽ ችላ ሊባል አይገባም፤ እርሱም አቧራው ነው። ለእንጨቱ ከምስጥ መከላከያ የሆኑት ኬሚካሎች፣ በተለይ ኪኖን የሚባሉት፣ በሰው ቆዳና መተንፈሻ ላይም ይሠራሉ። ማሳከክ፣ ሽፍታ፣ የዓይን መቅላትና ማስነጠስ ያመጣሉ። ክፋታቸው መጀመሪያ ምንም ያልተሰማው ሰው ደጋግሞ ሲጋለጥ ሰውነቱ እየተቆጣ መሄዱ ነው። ጥሩ የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ አቧራውን ከመነሻው የሚስብ መሣሪያ መጠቀምና ከሥራ በኋላ እጅንና ክንድን መታጠብ ያስፈልጋል።

ክላርኔት ሠሪዎች ለምን ሙጭጭ አሉበት?

ከወታደራዊ ባንዶች ዘመን ጀምሮ በአገራችን የምናውቀው ክላርኔት በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ይሠራ የነበረው በአብዛኛው ቦክስዉድ ከሚባል ቢጫ እንጨት ነበር። ቦክስዉድ መልካም እንጨት ቢሆንም እርጥበት ሲያገኝ ይጣመማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመሣሪያው ላይ የሚጨመሩት የብረት ቁልፎች እየበዙ ሲሄዱ፣ ቁልፎቹ የሚያርፉባቸው ትንንሽ ምሰሶዎች በቀጥታ እንጨቱ ውስጥ በብሎን መታሰር ጀመሩ። ቱቦው በጥቂቱ ቢጣመም ቁልፎቹ ቀዳዳውን በትክክል አይከድኑም፤ አየር ያመልጣል፣ ድምፁም ይበላሻል። ቀደም ሲል ያየናቸው ሁለቱ ጸባዮች፣ ማለትም አለመጣመሙና የብሎን ጥርስ መያዙ፣ ዞጲን ለዚህ ሥራ ተመራጭ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። ባግፓይፕ የተባለውን ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ የሚሠሩ የስኮትላንድ ባለሙያዎችም ከዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ ዞጲ ዞረዋል።

«ድምፁን የሚያሳምረው እንጨቱ ነው» የሚለው እምነት በሙዚቀኞች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ የፊዚክስ ባለሙያዎች ግን ይህን በሙሉ አይቀበሉም። በክላርኔት ውስጥ ድምፅ የሚፈጥረው የሚንቀጠቀጠው የአየር ዓምድ እንጂ የቱቦው ግድግዳ አይደለም። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ባከስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት የግድግዳው ንዝረት በድምፁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ አሳይቷል። ታዲያ እንጨቱ ምንም አያደርግም ማለት ነው? አይደለም። የቱቦው ውስጠኛ ገጽ ልስላሴ፣ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ጥራትና የልኩ ሳይለወጥ መቆየት ድምፁን ይወስናሉ፤ እነዚህን ሦስቱን በአንድነት አሟልቶ ለዓመታት የሚጠብቅ እንጨት ደግሞ ከዞጲ ሌላ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ሙዚቀኞቹ የሚሰሙት ልዩነት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሚነገረው የተለየ ነው።

ዞጲ የማይደፈር እንጨት ነው ማለት ግን አይደለም። ተጫዋች በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሲነፋ የቱቦው ውስጥ በትንፋሽ ይሞቃል፣ ይርሳልም፤ ውጪው ግን ቀዝቃዛና ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ውስጡ ሊያብጥ ሲፈልግ ውጪው ስለማይከተለው ቱቦው ይሰነጠቃል። አዲስ የእንጨት ክላርኔት የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ እንዲነፋና ውስጡን ቶሎ ቶሎ እንዲጠርግ የሚመከረው ለዚህ ነው። ቅርጻ ቅርጽም ከዚህ አያመልጥም፤ እርጥበት ካለው ከዳሬ ሰላም የባሕር ዳርቻ ተገዝቶ በክረምት በማሞቂያ ወደሚደርቅ የአውሮፓ ወይም የሰሜን አሜሪካ ቤት የተወሰደ ሐውልት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከማሞቂያና ከአየር ማቀዝቀዣ አጠገብ አለማስቀመጥ ብዙ ጉዳት ይከላከላል።

የማኮንዴ ቅርጾች ከምን ይሠራሉ?

በሞዛምቢክ ሰሜንና በታንዛኒያ ደቡብ የሚኖሩት የማኮንዴ ሕዝቦች በእንጨት ቅርጽ ሥራቸው በዓለም የታወቁ ናቸው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ያስፋፉት፣ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው ከአንድ ግንድ ሲወጡ የሚያሳየው ኡጃማ የሚባል ቅርጽ የሚሠራው በአብዛኛው ከዞጲ ነው። የግንዱ ጠማማነትና ጎድጓዳነት ለክላርኔት ሠሪ ጥፋት ቢሆንም፣ ለማኮንዴ ቀራጺ የቅርጹ መነሻ ሐሳብ ይሆነዋል፤ ይህም ለመጋዝ የማይሆነውን እንጨት ሳይቀር ወደ ጥበብ የሚለውጥ አሠራር በመሆኑ ታላቅ አክብሮት ይገባዋል።

በገበያ ላይ ግን ቀላል እንጨት በጫማ ቀለም ተጠቁሮ «ኤቦኒ» ተብሎ ይሸጣል። ለመለየት መጀመሪያ ክብደቱን በእጅ መመዘን ነው፤ ከመጠኑ ጋር የማይመጣጠን ቀላል ከሆነ ዞጲ አይደለም። ከዚያ ከመቀመጫው ሥር የማይታይ ቦታ በትንሹ ቢጫር የተቀባው እንጨት ከሥሩ ፈዛዛ ሆኖ ይታያል፤ ዞጲ ግን እስከ ውስጥ ድረስ ጥቁር ነው። በአልኮል የራሰ ጨርቅ ጠርጎ «ቀለም ለቀቀ» ብሎ መፍረድ ያሳስታል፤ የዞጲም ተፈጥሯዊ ቀለም በአልኮል በጥቂቱ ይለቅቃልና።

ዋጋው ለምን ተወደደ? እንጨቱስ ለምን አነሰ?

አንድ ሰው የዞጲን ዋጋ ከዛፉ ቁጥር ጋር ብቻ ቢያያይዘው ግማሹን ታሪክ ያጣል። ከተቆረጠው ግንድ ውስጥ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚበቃ እንከን የሌለው ቁራጭ ሆኖ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አሥረኛው ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ነጩ ይቆረጣል፣ የበሰበሰው መሐል ይጣላል፣ ጠማማው አይሆንም፣ ሲደርቅ የተሰነጠቀውም ይወገዳል። ለንግድ የሚቀርበው በዋናነት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ሲሆን፣ በሌሎቹ አገሮች ለመጋዝ የሚበቃ ዛፍ እምብዛም አልቀረም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን ለሥጋት ከተቃረቡት ተርታ መድቦታል።

ለመጋዝ ተብሎ የሚቆረጠው ብቸኛው ምክንያት አይደለም። በየዓመቱ የሚነሣው የሣር ቃጠሎ ችግኞችን ይፈጃል፣ ትልልቆቹንም እያቆሰለ መሐላቸው እንዲበሰብስ ያደርጋል። ደቡብ ታንዛኒያ ውስጥ በኪልዋ ወረዳ የሚገኙ መንደሮች ያደረጉት ነገር በዚህ ረገድ ሊታወቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የታንዛኒያ የደን ሕግ መንደሮች ደናቸውን በባለቤትነት እንዲያስተዳድሩና ገቢውን እንዲወስዱ ይፈቅዳል። ይህን ተጠቅመው በአካባቢው ከሚሠራ የጥበቃ ድርጅት ጋር ደናቸውን ቆጠሩ፣ በየዓመቱ ስንት ዛፍ ቢቆረጥ ደኑ እንደማይጎዳ ወሰኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2009ም ዓለም አቀፍ የደን አያያዝ የምስክር ወረቀት አገኙ። ሣሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በዝናቡ ማብቂያ ቀለል ያለ ቃጠሎ በቁጥጥር ማካሄድ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣውን ኃይለኛ እሳት ይቀንሳል።

በውጪ የሚሠሩ ምትኮችም አሉ። የፈረንሳዩ ክላርኔት ሠሪ ቡፌ ክራምፖን ከሥራ የተረፈውን የዞጲ ዱቄት ከካርቦን ፋይበርና ከሙጫ ጋር አዋህዶ የማይሰነጠቅ መሣሪያ ይሠራል። ከግንዱ አብዛኛው ክፍል የሚጣል ከሆነ ተረፈ ምርቱን ወደ መሣሪያ መመለስ ትልቅ ነገር ነው።

ዕቃውን ከአገር አገር ማጓጓዝ ይፈቀዳል?

ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከጥር 2 ቀን 2017 ጀምሮ የዳልበርጊያ ወገን ዛፎችን በሙሉ በቁጥጥር ሥር አስገብቷል። ዞጲ ያለበት ዝርዝር ንግድን አይከለክልም፤ ነገር ግን እንጨቱ በሕጋዊ መንገድ መቆረጡንና ንግዱ ዝርያውን እንደማይጎዳ የሚያረጋግጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ደንቡ ሲጀምር ክላርኔት ይዘው የሚጓዙ ኦርኬስትራዎችን ሳይቀር አጨናንቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎችና ክፍሎቻቸው፣ እንዲሁም በአንድ ጭነት ከ10 ኪሎ ግራም ያልበለጠ እንጨት የያዙ ያለቀላቸው ዕቃዎች ከፈቃዱ ነፃ ሆነዋል። ያልተሠራ ግንድና ጣውላ ግን አሁንም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አንዳንድ አገሮችም ከስምምነቱ የጠበቀ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

በኢትዮጵያ ያለበት ሁኔታስ?

ዞጲ በአገራችን ከዕጣን ዛፍ፣ ከአባሎና ከወይባ ጋር በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ቆላዎች፣ በተከዜ ሸለቆና ወደ ሱዳን ድንበር በሚያዘነብለው ምድር ይገኛል። ይህ የእርሻ መስፋፋት፣ የማገዶ ፍላጎትና ልቅ ግጦሽ የበረታበት አካባቢ ነው። ከብቶች የዞጲን ቅጠልና ለጋ ቡቃያ ስለሚወዱት ችግኙ ከሣሩ ራስ ሳያልፍ ይበላል፤ ትልልቅ ዛፎች ቆመው የሚተካቸው ወጣት ዛፍ የማይታይበት ቦታ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ዛፉ ከዘር ብቻ ሳይሆን ከሥሩም አዲስ ቡቃያ የማውጣት ችሎታ አለው። ስለዚህ ሥሩ ገና ሕያው በሆነበት መሬት ላይ ችግኝ አፍልቶ ከመትከል በፊት ሊደረግ የሚችለው ርካሹ ሥራ አካባቢውን ለተወሰኑ ዓመታት ከግጦሽና ከእሳት መከለል ነው። በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች ለሌሎች ዝርያዎች ሲሠራበት የቆየው የተራቆተ መሬትን የመከለል ልምድ፣ ለዞጲም እንዳለ ሊውል ይችላል።